በኮምፒውተርና በስልክ ጌም ላይ የተጫዋቾች ተሳትፎ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ተጫዋቾች፣ ወላጆችና ጌም መሥራት የሚፈልጉ ወጣቶች ደጋግመው ለሚያነሷቸው ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች ናቸው፤ ዓመተ ምሕረቶቹና ወሮቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«የተጫዋች ተሳትፎ» ሲባል ምን ማለት ነው?

አንድ ሰው ለጌሙ የሚሰጠው ትኩረት፣ የሚያሳልፍበት ጊዜ፣ ሲጫወት የሚያድርበት ስሜትና ካቆመ በኋላ ተመልሶ የመምጣት ፍላጎቱ በአንድነት የተጫዋች ተሳትፎ ይባላል። ጌሙን ስልኩ ላይ ጭኖ የረሳው ሰው በቁጥር ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ተሳታፊ ግን አይደለም። በአንጻሩ ሥራ ቦታው ተቀምጦ ትናንት ማታ የተሸነፈበትን ዙር በሐሳቡ የሚደግም፣ «በዚያ በኩል ዞሬ ቢሆን ኖሮ» እያለ የሚቆጭ ሰው በዚያ ሰዓት ባይጫወትም ተሳትፎው አልተቋረጠም።

ተሳትፎን ስንመረምር ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማየት ይጠቅማል። አንደኛው መመሰጥ ነው፤ ተጫዋቹ አንዴ ከተቀመጠ በኋላ አካባቢውን እስኪረሳ ድረስ በጌሙ ውስጥ መግባቱ ማለት ነው። ሁለተኛው መመላለስ ነው፤ በቀን ወይም በሳምንት ስንት ጊዜ ተመልሶ ይከፍተዋል የሚለውን ይመለከታል። የኮምፒውተር ጌም ብርታቱ በመጀመሪያው፣ የስልክ ጌም ብርታቱ በሁለተኛው ነው፤ በዚህ ጉዳይ ላይ የሚነሳው ክርክር አብዛኛው ሁለቱን ከመቀላቀል የሚመጣ ይመስለኛል።

ዋናው ልዩነታቸው የስክሪኑ መጠን ነው?

የስክሪኑ መጠን የራሱ ድርሻ አለው፤ ዋናው ልዩነት ግን ማን ወደ ማን ይሄዳል የሚለው ነው። ኮምፒውተር ላይ ለመጫወት ሰው ጊዜ መድቦ፣ ወንበር ስቦ፣ ሄድፎን አጥልቆ ይቀመጣል፤ ጌሙ ገና ሳይከፈት ለጊዜው ሌላ ነገር ላለመሥራት ወስኗል ማለት ነው። ስልክ ግን ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ነው። የታክሲ ሰልፍ ሲረዝም፣ ቡናው እስኪፈላ ድረስ፣ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲል እጅ ሳይታሰብ ወደ ስልኩ ይሄዳል፤ ጌሙም የሚገኘው እዚያው፣ ከቤተሰብ መልእክትና ከባንክ ማሳወቂያ አጠገብ ነው።

በትርፍ ደቂቃ መጫወት አዲስ ነገር አይደለም። ኖኪያ በ1997 በ6110 ስልኩ ላይ ያወጣው የእባብ ጨዋታ ስልክን ለመደዋወያ ብቻ የገዙ ሰዎችን ሁሉ ተጫዋች አድርጓል። ከዚያ ወዲህ የተጨመረው ትልቁ ነገር ኖቲፊኬሽን ነው። እባቡ ተጫዋቹን አይጠራም ነበር፤ የዛሬው የስልክ ጌም ግን «ሽልማትዎ እየጠበቀዎት ነው»፣ «መንደርዎ ተጠቅቷል» እያለ ይጠራል።

ፓብጂ በኮምፒውተርም በስልክም አለ። አንድ ጌም አይደለም እንዴ?

ስሙና ሐሳቡ አንድ ነው፤ ተጫዋቹን የሚይዝበት መንገድ ግን ይለያል፤ ስለዚህም ለማነጻጸር እጅግ የሚመች ምሳሌ ነው። የኮምፒውተሩ ፓብጂ በ2017 ወጥቶ በ30 ዶላር ገደማ ይሸጥ ነበር፤ በጃንዋሪ 2018 የኮምፒውተር ጌሞች በሚሸጡበትና በሚከፈቱበት፣ ስቲም በተባለው መድረክ ላይ በአንድ ጊዜ ከ3.2 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ሲጫወቱት ተቆጥሯል፤ በነፃ የተለቀቀው በጃንዋሪ 2022 ነው። የቻይናው ኩባንያ ቴንሰንት ያወጣው የስልኩ ፓብጂ ደግሞ በማርች 2018 ለዓለም ገበያ ሲቀርብ ከመጀመሪያው ነፃ ነበር። በሁለቱም 100 ተጫዋቾች በፓራሹት ይወርዳሉ፣ ባዶ እጃቸውን መሣሪያ ፍለጋ ይሯሯጣሉ፣ እየጠበበ በሚሄደው ክብ ውስጥ እስከ መጨረሻው የቆየው ያሸንፋል።

ልዩነቱ የሚታየው ጠጋ ብለው ሲመለከቱት ነው። ኮምፒውተር ላይ የሚጫወተው ሰው ከአንድ ቤት ፎቅ ላይ አድፍጦ በሄድፎኑ ያዳምጣል፤ የጠላት እርምጃ ከሣር ወደ እንጨት ደረጃ መሻገሩን፣ በግራ ይሁን በቀኝ መምጣቱን የሚነግረው ጆሮው ነው፤ ለግማሽ ደቂቃ ያህል እጁን ከማውሱ ሳያነሳ፣ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። ስልክ ላይ ግን የእርምጃው ምልክት በትንሿ ካርታ ላይ በዓይን ይታያል፤ ይህም ሰው መሐል ሆኖ፣ ድምፅ ቀንሶ ለሚጫወት ሰው የሚመች ነው። በዚያ ላይ መሬት ላይ ያለ ዕቃ በራሱ ይነሳል፣ ማነጣጠርን ጌሙ ያግዛል፣ በጀማሪዎች ዙር ደግሞ ከተቃዋሚዎቹ ብዙዎቹ ሰዎች ሳይሆኑ ቦቶች፣ ማለትም ጌሙ ራሱ የሚያንቀሳቅሳቸው ተዋጊዎች ናቸው። ስለዚህ የስልኩ ጀማሪ ገና በመጀመሪያ ቀኑ ሊያሸንፍ ይችላል፤ ደስ ይለዋል፤ ነገም ይመለሳል።

የኮምፒውተሩ ጀማሪ፣ በተለይ ቦቶች ወደዚያም ከመግባታቸው ከ2020 በፊት፣ እንዲህ ያለ አቀባበል አላገኘም። በወረደ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ከማያየው ሰው በተተኮሰ ጥይት ይወጣ ነበር፤ ብዙው ሰው በዚህ ተሰላችቶ ይተወዋል፤ የቀረው ግን ካርታውን በቃሉ እስኪያውቅ ድረስ ይማራል። የስልኩ መንገድ ብዙ ሰው ያስገባል፣ የኮምፒውተሩ መንገድ ጥቂቱን ሰው በጥልቀት ያስገባል፤ አንዱን ትክክል ሌላውን ስሕተት ማለት አይቻልም።

የስልክ ጌም ዙሮች ለምን አጭር ይሆናሉ?

ስልክ ላይ ጨዋታን የሚያቋርጥ ነገር ስለሚበዛ ነው። ስልክ ይደወላል፣ ባትሪ ያልቃል፣ ታክሲው ይደርሳል። የኮምፒውተሩ ዶታ 2 አንድ ዙር 40 ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል፤ መሐል ላይ ጥሎ የሚወጣ ተጫዋችም ይቀጣል፤ ምክንያቱም አራት ጓደኞቹን በጎደሎ ቡድን ትቷቸው ሄዷል። ይህን ሕግ እንዳለ ወደ ስልክ ማምጣት ተጫዋቹን በማያዝበት ነገር መቅጣት ይሆናል።

ስለዚህ ሠሪዎቹ ዙሩን አሳጠሩት። ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚወስደው ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ ዋይልድ ሪፍት ተብሎ ወደ ስልክ ሲመጣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ወደሚያልቅ ዙር ተለወጠ። ክላሽ ሮያል መደበኛ ዙሩ 3 ደቂቃ ነው። ፓብጂም በ2020 ሊቪክ የተባለ፣ በስልክ ብቻ የሚገኝ ካርታ አመጣ፤ የመጀመሪያው ካርታ ኤራንግል 8 በ8 ኪሎ ሜትር ሲሆን ሊቪክ 2 በ2 ኪሎ ሜትር ነው፤ 52 ተጫዋቾች ገብተው በ15 ደቂቃ ገደማ ይጨርሳሉ። ዙሩ ያጠረው ግን የጨዋታው ጠቅላላ ጊዜ እንዲያጥር አይደለም፤ «አንድ ብቻ ልድገም» የሚለው ሐሳብ ከ40 ደቂቃ ዙር በኋላ ከባድ፣ ከ3 ደቂቃ ዙር በኋላ ግን እጅግ ቀላል ነው።

«ሕይወት አልቋል፣ ይጠብቁ» የሚሉት ለምንድን ነው? ተጫዋች እንዲጫወት አይፈልጉም?

ይፈልጋሉ፤ የሚፈልጉት ግን ጠግቦ እንዳይነሳ ነው። ካንዲ ክራሽ ሳጋ በ2012 ሲወጣ ይዞት የመጣውን ሕግ እንመልከት፦ ተጫዋቹ 5 ሕይወት አለው፤ አንድ ደረጃ በወደቀ ቁጥር አንዱን ያጣል፤ ያጣው ሕይወት የሚመለሰው በየ30 ደቂቃው አንድ አንድ እየሆነ ነው። አምስቱም ካለቁ ሙሉ በሙሉ እስኪሞሉ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። የማይታገሥ ሰው መክፈል ወይም ከጓደኛ መለመን ይችላል። ብዙው ሰው ስልኩን አስቀምጦ ይሄዳል፤ ያቆመው ግን ሊያልፍ አንድ እርምጃ በቀረው ደረጃ ላይ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ በልቡ ይዞት ይዞራል፤ ሕይወቱ ሲሞላም ኖቲፊኬሽኑ ይደርሰዋል።

ረኃብ ሳይወጣለት ማዕዱ እንደተነሳበት ሰው ማለት ነው። በጥንቱ የኮምፒውተር ጌም ልማድ ይህ የማይታሰብ ነበር፤ ገንዘብ ከፍሎ የገዛውን ጌም «ለዛሬ ይበቃዎታል» የሚለው የለም፤ ሌሊቱን ሙሉ መቀመጥ የራሱ ምርጫ ነው፣ ጉዳቱም የራሱ ነው።

ነፃ ጌም ገንዘብ የሚያገኘው ከየት ነው? ይህስ ተሳትፎን ይለውጠዋል?

ከማስታወቂያ፣ ከአልባሳትና ከስኪን (የመሣሪያን ወይም የገጸ ባሕርይን መልክ ከሚለውጥ ማስጌጫ) ሽያጭ፣ በየወቅቱ ከሚሸጥና ተጨማሪ ሽልማት ከሚያስገኝ ማለፊያ፣ እንዲሁም ውስጡ ያለው ሳይታወቅ ከሚከፈት ሣጥን ነው። ተሳትፎን በእጅጉ ይለውጠዋል። በሚሸጥ ጌም ሠሪው ገንዘቡን የሚያገኘው ተጫዋቹ ከመጀመሩ በፊት ስለሆነ ጥረቱ ሁሉ ጌሙ የተከፈለበትን ያህል እንዲያስደስት ነው። ስቲም ከ2015 ጀምሮ በተገዛ በ14 ቀን ውስጥ ከ2 ሰዓት በታች የተጫወቱትን ጌም ገንዘብ ይመልሳል፤ ስለዚህ የኮምፒውተር ጌም ሠሪ ተጫዋቹን ለማሳመን ሁለት ሰዓት ያህል አለው። የነፃ ስልክ ጌም ሠሪ ያለው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ካላስደሰተ ማጥፋት ምንም አያስከፍልም። በሌላ በኩል ገንዘቡ የሚመጣው ከመመላለስ ስለሆነ ተጫዋቹ በየዕለቱ እንዲመለስ የሚያደርግ ነገር ሁሉ ይታሰብለታል።

ሣጥኑን ለይቼ ላንሳ። ሽልማት መቼ እንደሚመጣ በማይታወቅበት ጊዜ ፍጡር ድርጊቱን ያለ ድካም እንደሚደጋግም የሥነ ልቡና ሊቁ ስኪነር በርግቦችና በአይጦች ላይ ባደረጋቸው ሙከራዎች ካሳየ ብዙ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። የሣጥኑ አሠራርም ይኸው ነው። ይህን የስልክ ጌም ኃጢአት ብቻ አድርጎ ማቅረብ ግን ልክ አይደለም፤ ካውንተር ስትራይክ ግሎባል ኦፌንሲቭ ኮምፒውተር ላይ በቁልፍ የሚከፈት ሣጥን መሸጥ የጀመረው በ2013 ነው። ቤልጂየም በ2018 በገንዘብ የሚከፈቱ እንዲህ ያሉ ሣጥኖችን በቁማር ሕጓ ሥር አድርጋ ስትከለክል የኮምፒውተርና የኮንሶል ጌሞችም ተነክተዋል። በእኔ እምነት ውሳኔው ተገቢ ነበር፤ ዕድሜው ያልደረሰ ልጅ ዕጣ ሲገዛ ዕጣው በስኪን መልክ መምጣቱ ነገሩን አይለውጠውም።

የጌም ሠሪዎች ተሳትፎን በምን ይለካሉ?

የተለመዱት መለኪያዎች ጥቂት ናቸው። በቀን ስንት የተለያየ ሰው ከፈተው፣ በወር ስንት ሰው ከፈተው፣ የመጀመሪያው ለሁለተኛው ሲካፈል ስንት ይመጣል፣ ሰው አንዴ ከከፈተ ምን ያህል ይቆያል፣ ከጫኑት መካከል በ1ኛው፣ በ7ኛውና በ30ኛው ቀን የተመለሱት ስንት ናቸው የሚሉት ናቸው።

እነዚህ ሁሉ የሚቆጥሩት መመላለስን ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሳይከፍት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለአምስት ሰዓት የሚመሰጥ የኮምፒውተር ተጫዋች በዕለታዊው ቁጥር ሲታይ ደካማ ይመስላል፤ በየቀኑ ከፍቶ የዕለቱን ሽልማት ተቀብሎ በ20 ሴኮንድ የሚዘጋው ደግሞ ጠንካራ ይመስላል። ቁጥሩን የሚያነብ ሰው ይህን ካላስተዋለ ለስልክ የተሠራ መለኪያን ኮምፒውተር ላይ እየጫነ ይሳሳታል።

ብዙ ሰዓት የሚጫወት ሰው ይበልጥ ተመስጧል ማለት ነው?

አይደለም። ስቲም እያንዳንዱ ጌም ስንት ሰዓት እንደተከፈተ ያሳያል፤ ቁጥሩ ግን ተጫዋቹ ጌሙን ከፍቶ እራት ሲበላ የቆየበትንም ይጨምራል።

ስልክ ላይ የሚመሠረት የቡድን ግንኙነት ደካማ ነው የሚባለው እውነት ነው?

ዓይነቱ ይለያል እንጂ ደካማ ነው ማለት ይከብዳል። ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት በ2004 ሲወጣ በአንዳንድ ውጊያዎች 40 ሰዎች በአንድ ሰዓት መገናኘት ነበረባቸው፤ አንዱ ፈዋሽ (የቆሰሉትን የሚያድን ተጫዋች) ቢቀር የሁሉም ምሽት ይበላሻል። በአንድ ጊዜ መገኘት፣ ድምፅ ለድምፅ መነጋገር፣ ለሰዓታት አብሮ መውደቅና መነሳት ጽኑ ወዳጅነት ይፈጥራል፤ በእንዲህ ያለ ቡድን ተዋውቀው ትዳር የመሠረቱም አሉ። ዋጋው ግን ምሽትን በሙሉ መስጠት ነው፤ ቤተሰብና የማለዳ ሥራ ላለው ሰው ይህ ቀላል አይደለም።

የስልክ ጌም ይህን ችግር የፈታው ሰዎቹ በአንድ ሰዓት መገኘት ሳያስፈልጋቸው አብረው እንዲሠሩ በማድረግ ነው። በክላሽ ኦፍ ክላንስ አንድ ክላን፣ ማለትም የተጫዋቾች ቡድን፣ እስከ 50 አባላት ይይዛል፤ የክላን ጦርነት አንድ ቀን ለዝግጅት፣ አንድ ቀን ለውጊያ ይሰጠዋል፤ እያንዳንዱ አባል በሚመቸው ሰዓት ገብቶ የሦስት ደቂቃ ጥቃቱን አድርሶ ይወጣል። በአንድ ክላን ውስጥ አንዱ አዲስ አበባ፣ ሌላው ዱባይ፣ ሦስተኛው ዋሽንግተን ሆነው፣ የሰዓት ልዩነቱ ሳያግዳቸው እንዲቀጥሉ የሚያደርገው ይህ አሠራር ነው። ተለያይተው ለሚኖሩ ወንድማማቾች «ጥቃትህን አድርሰሃል?» የሚለው አጭር መልእክት ሰላምታም ጭምር ነው።

የስልክ ጌምን በኢሙሌተር ኮምፒውተር ላይ ብጫወት ልዩነቱ ይጠፋል?

ኢሙሌተር የስልክ ጌምን ኮምፒውተር ላይ የሚያስከፍት ፕሮግራም ነው፤ በእርሱ ሲጫወቱ የሚጠፋው የእጅ ልዩነት ነው። በማውስና በኪቦርድ የሚያነጣጥር ሰው በአውራ ጣቱ ስክሪን ከሚነካው ይልቅ ብልጫ ስላለው የስልኩ ፓብጂ በኢሙሌተር የገባን ተጫዋች ከመሰሎቹ ጋር እንዲገናኝ ያደርጋል። የጌሙ ጠባይ ግን ይዞት ይመጣል፤ የዕለቱ ተልእኮ፣ የሚያልቅ ወቅት፣ በሰዓት የሚቆጠር ሽልማት ሁሉ እንዳለ ነው።

እንዲያውም ዛሬ የስልኩ ጠባይ ያለ ኢሙሌተርም ወደ ኮምፒውተር ተሻግሯል። ጌንሺን ኢምፓክት በሴፕቴምበር 2020 በኮምፒውተርም በስልክም በአንድ ጊዜ ወጣ፤ ዓለሙ ሰፊ፣ ሥዕሉ የሚያስደንቅ፣ ለመመሰጥ የተመቸ ነው፤ ዋና ዋና ሽልማቶቹን ለመውሰድ ግን ሬዚን የተባለ ኃይል ያስፈልጋል፤ እርሱም የሚሞላው በየ8 ደቂቃው አንድ እየሆነ ነው። በትልቅ ስክሪን ፊት ተደላድሎ የተቀመጠው ተጫዋችም እንደ ስልኩ ተጫዋች ይጠብቃል። ስለዚህ መሣሪያውን ብቻ አይቶ የጌሙን ጠባይ መፍረድ ከዓመት ዓመት እየከበደ ነው።

ልጄ በስልኩ ብዙ ይጫወታል። ሱስ ይዞታል ማለት ነው?

ብዙ መጫወት ብቻውን ሱስ አይባልም። የዓለም ጤና ድርጅት ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ምደባ «የጌም መታወክ» የሚለውን አካቷል፤ ያስቀመጣቸው ምልክቶችም ጨዋታን መቆጣጠር አለመቻል፣ ከሌላው የሕይወት ጉዳይ ሁሉ ጌምን ማስቀደም፣ ጉዳቱ እየታየም መቀጠል ናቸው። ይህ ሁኔታ የልጁን ትምህርት፣ ቤተሰባዊ ኑሮ ወይም ጤና በግልጽ የጎዳ፣ ብዙውን ጊዜም ቢያንስ ለ12 ወራት የዘለቀ መሆን አለበት። እነዚህን ካዩ ባለሙያ ማማከር ይገባል።

ቻይና በ2021 ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በኢንተርኔት መጫወት የሚችሉት ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በበዓላት ቀን ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ብቻ እንዲሆን ደንግጋለች። በቤት ውስጥ ግን ሰዓት ከመቁጠር በፊት ልጁ ምን እንደሚጫወት አጠገቡ ቁጭ ብሎ ማየት ይበልጣል። ዙሩ ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ስልኩን የተነጠቀ ልጅ የሚቆጣው ቡድኑን ስለከዳ ሊሆን ይችላል፤ «ይህ ዙር ሲያልቅ» ብሎ መስማማት ብዙ ጠብ ያስቀራል። ኮምፒውተር ሳሎን ውስጥ ሲሆን ጨዋታው ለወላጅ ይታያል፤ ስልክ ግን ብርድ ልብስ ውስጥ ይገባል፤ ሌሊት ከመኝታ ክፍል ውጭ ቻርጅ እንዲደረግ መስማማት የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ጌም መሥራት እፈልጋለሁ። ከኮምፒውተር ልጀምር ወይስ ከስልክ?

የሚሠሩት በኮምፒውተር ነው፤ ለማን እንደሚሠሩ ግን አስቀድመው ይወስኑ። በአገራችን ለብዙ ሰው የመጀመሪያውም ብቸኛውም ኮምፒውተር ስልኩ ነው፤ አዲስ አበባ የሚገኘው ቅኔ ጌምስ ኩኩሉ የተባለውን፣ ከአሳዳጅ የምታመልጥ ዶሮ ያለችበትን ጌም ለስልክ መሥራቱ ከዚህ እውነታ ጋር የሚሄድ ነው። ለስልክ የሚሠራ ሰው የሚወርደውን ፋይል ማሳነስ፣ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ ማድረግና ስልክ ሲደወል የተጫዋቹ ድካም ሳይጠፋ ባለበት እንዲቆም ማድረግ አለበት።

ረጅም ታሪክ መተረክ የሚፈልግ፣ ተጫዋቹ ቀስ ብሎ እንዲያስብ የሚፈልግ ሰው ግን ለኮምፒውተር ቢሠራ ይሻለዋል። በስልክ ገበያ ለመታወቅ ማስታወቂያ መግዛት ግድ እየሆነ ነው፤ በኮምፒውተር በኩል ጥቂት ሺህ የሚወዱትና ከፍለው የሚገዙት ሰዎች አንድን አነስተኛ ቡድን ሊያኖሩት ይችላሉ።

ወደ አንድ ጌም በየቀኑ የምመለሰው ወድጄው ነው ወይስ ስለያዘኝ? በምን ላውቅ እችላለሁ?

ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ሁለቱ በአንድ ሰው ውስጥ አብረው ይኖራሉ። ስልክ ላይ ገመዱ ዕለታዊ ነው፤ 27 ቀን ሳያቋርጥ ሽልማት የተቀበለ ሰው 28ኛውን ቀን የሚከፍተው ለመጫወት ሳይሆን ተራው እንዳይቋረጥበት ሊሆን ይችላል። ኮምፒውተር ላይ ገመዱ የተከማቸ ነገር ነው፤ 2,000 ሰዓት የፈጀ ደረጃ፣ ዋጋ ያወጣ ስኪን፣ ለዓመታት አብሮ የቆየ ቡድን «አሁን ብተወው ያ ሁሉ ሊቀር ነው» ያሰኛል።

ለመለየት የሚረዳ አንድ ሙከራ አለ። የሁሉንም ጌሞች ኖቲፊኬሽን ለሁለት ሳምንት ያጥፉ፤ ኮምፒውተር ላይም ስቲምና መሰሎቹ ማሽኑ ሲበራ በራሳቸው እንዳይከፈቱ ያድርጉ፤ የዕለቱንም ሽልማት ሆን ብለው ይዝለሉት። በሁለቱ ሳምንታት መጨረሻ በአንድሮይድ ዲጂታል ዌልቢይንግን፣ በአይፎን ስክሪን ታይምን፣ በኮምፒውተር ደግሞ ስቲም የሚያሳየውን የቅርብ ሁለት ሳምንት ሰዓት ይክፈቱ፤ ማንም ሳይጠራዎት የከፈቷቸው ጌሞች ዝርዝር እዚያው ተጽፎ ያገኙታል።